የሌላ ቤት አራት

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የእርሳስ ፊደሎችን ከየሳጥናቸው እየለቀመ ቃል፣ ከቃሉም ገጽ ሲሠራ ዕድሜው ሄደ። ኮምፒውተር መጥቶ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እሱ ጡረታ ወጣ፤ ዓይኑ ግን አብሮት አልወጣም። የሰፈሩ ሰው ዛሬም «ለቃሚው» ይለዋል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መካኒክ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጣና ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር እንዲያይለት ለመነው። ለቃሚው ጎንበስ ብሎ ትንሽ ከቆየ በኋላ «ይቺ ስምንት ከነዚህ ጋር አላደገችም» አለው። እውነትም ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እሱን ሳያማክር አሮጌ ሞተር የሚገዛ ጠፋ።

የሚሠራው ከቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ብርሃኑ በመስኮቱ አግድም ሲገባ ቁጥሩን በቤንዚን ያጥባል፤ ስስ ወረቀት ለጥፎበት በእርሳስ ቀስ እያለ ያሸዋል። ያኔ ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ውስጥ አንድ በአንድ፣ ከጉም እንደሚወጡ መንገደኞች ብቅ ብቅ ይላሉ። አሮጌዎቹ ሞተሮች በተሠሩበት ዘመን ፋብሪካዎቹ ቁጥር የሚመቱት በእጅና በመዶሻ ስለነበር የየቤቱ ፊደል የየራሱ መልክ አለው። የአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ማኅበር ከፋብሪካ መዝገብ የተገለበጠ ወፍራም ጥራዝ ሰጥቶታል። ወረቀቱን ከጥራዙ እያስተያየ ሲቀመጥ፣ ሰዓቱ የት እንደገባ ሳያውቀው ብርሃኑ ከመስኮቱ አልፎ ግድግዳውን ይሻገራል።

አንድ ጠዋት ሰባ ዓመት የሚጠጋት አዋላጅ በአሮጌ ሞተር ብስክሌቷ ባሏን ከኋላ አፈናጣ መጣች። አርባ ዓመት ሙሉ ምጥ ወደያዛት ሁሉ የከነፈችው በዚያ ሞተር ነው። አሁን ልጆቿ «ይብቃሽ» ብለዋት ልትሸጠው ነበር፤ ገዢው ግን ቁጥሩ እንዲረጋገጥለት ፈለገ። ባሏ ጡረታ የወጣ፣ ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ቁጥሩ ከጥራዙ ጋር ልክ ገጠመ። አንዲት አራት ብቻ ለቃሚውን አላስችል አለችው። የፋብሪካው አራት አናቷ ክፍት ነው፤ የዚህች ግን ተዘግቷል። ዙሪያውን ሲያይ ደግሞ ብረቱ በሞረድ ተልጓል። የገረመው የመቺው እጅ ነው፤ ሌባ ይቸኩላል፣ ይሄኛው ግን ቁጥሩ እንዳይዛነፍ ከሥር በመርፌ መስመር አስምሮ ነበር።

አስፈቅዷት ብረት የሚበላ ፈሳሽ ጠብ አደረገበት። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ቀስ በቀስ ከቁጥሩ ሥር ሌላ ቁጥር፣ ከኩሬ ግርጌ እንደሚታይ ጠጠር ግራጫ ሆኖ ተንሳፈፈ።

«እትዬ፣ ይሄ ሞተር ከሌላ ብስክሌት ተነቅሎ የመጣ ነው» አላት።

ባልየው ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ የመታሁት» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። የበኩር ልጃቸውን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ደስታ አናቱ ላይ ወጥቶበት፣ ለዘመድ ሁሉ ሊያበስር ሞተሯን ሳያስፈቅዳት ይዞ ወጣ። ዘይት አላየም፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈነዳ። ከቁርጥራጭ ብረት ሻጮች መሐል አምሳያውን ፈልጎ ገጠመ፣ ከሊብሬው ጋር እንዳይጣላና እሷም እንዳታውቅ ብሎ የድሮውን ቁጥር መታበት።

ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። «የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው።

«አራስ ነሽ፣ የተለወጠው ጆሮሽ ነው አልኩሽ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስጠረጥር ኖርኩ። ሁለቴ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ።»

ተነሥታ ወጣች፤ ሞተሯን አስነሥታ ባሏን እዚያው ጥላው ሄደች። ለቃሚው ውኃ ሰጠውና እስከ አውቶቡሱ ሸኘው።

ወረቀቱ ላይ እውነቱን ጻፈ፦ የሞተሩ ቁጥር ኋላ በእጅ የተመታ ነው። ገዢውም ቀረ። አዋላጇ በሳምንቷ ብቻዋን ስትመጣ ግን የከፋት አትመስልም። ባሏን ሦስት ቀን በልጆቿ በኩል ብቻ ስታናግረው ቆይታ፣ በአራተኛው ቀን ስታፍነው የነበረው ሳቅ አመለጣትና ታረቁ። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከሥር የነበረው ቁጥር የማን እንደሆነ።

ለቃሚው ጥራዙን ሲያገላብጥ አረፈደ። ሞተሩ በዚያው ወር፣ ከዚያው ፋብሪካ ወጥቶ ወደ አንድ የወደብ ከተማ የተላከ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳገኘው አይታወቅም።

«ጉዲፈቻ ነው እንግዲህ» አለች የነዳጅ ታንከሩን እየዳሰሰች። «ይሄን ሁሉ ልጅ አብሮኝ አዋልዷል። አልሸጠውም። ልጆቼም ከፈለጉ ይቆጡ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችው። «አንተ ግን ወንድሜ፣ ነድተህ ታውቃለህ?»

ለቃሚው አፈረ። ስንትና ስንት ሞተር አንብቦ አንዱ ላይ እንኳ ተፈናጦ አያውቅም።

«በል ውጣ» አለችው።

ከኋላዋ ተቀምጦ ጃኬቷን ጨበጠ። መንገዱ ሲከፈት የሱቆቹ ጽሑፎች በግራና በቀኙ ያልፉ ጀመር፤ ፊደሎቹ ተነካክተው፣ ተዋሕደው፣ ሊነበቡ የማይችሉ ቀለም ብቻ ሆኑ። ሊያነባቸው አልሞከረም። ነፋሱ ዓይኑን እንባ አስሞላው፤ እሷ ማርሽ ስትቀይር ከሥሩ የሚንተከተከው ሙቀት ጉልበቱ ድረስ ወጣ። ሁለተኛው አደባባይ ላይ ስትደርስ «እንመለስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ ወደፊት» አላት።