ከአንደኛው ሰርቨር የጠፋው አድራሻ

«እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ!» አሉኝ ወይዘሮ ጽጌ፣ የክፍላችን አንጋፋ። ዛሬ ጠዋት ነው፣ ካዛንቺስ ቢሯችን።

ሁለት ሰርቨሮች አሉን፤ አንዱ ሲወድቅ፣ ማለትም ሥራ ሲያቆም፣ ሌላው ይተካዋል። አንደኛው ወድቆ ሲነሳ ደንበኞች የሚገቡበት አይፒ አድራሻ የለበትም። በቃ ጠፋ ብዬ በእጄ ልጽፈው ነበር። (አዎ፣ ሰርተፊኬቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።)

እሳቸው ሁለተኛውን ሰርቨር ከፈቱት። አድራሻው ራሱ ወደዚያ ተዛውሮ ቁጭ ብሏል! ብጽፈው ኖሮ ሁለቱም አንድ አድራሻ ይዘው ሥራው ይተራመስ ነበር። ደንበኞቹ ግን ምንም ሳያውቁ በሁለተኛው እየተስተናገዱ ነበር።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«እዚህ ሰፈር የነበረው ቤቴ ሲፈርስ ስልክ ቁጥሬ አብሮ ፈረሰ እንዴ? ጎተራ ኮንዶሚኒየም ይዤው ገባሁ እኮ!»

እናንተንስ «እጅህን አንሳ» ብሎ ያዳናችሁ ማነው?