ስሜ የቀደመበት ሪፖርት

ከባልደረባዬ ጋር በሠራንባቸው ዓመታት ሪፖርት ላይ ስሜ ከእሱ ስም ቀድሞ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለልጄ ደወልኩላት። “ኦ ማሚ፣ ኮንግራትስ!” አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሪፖርቱ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን እንኳን አልጠየቀችኝ እላለሁ።

የምንሠራው ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ ምን ያህል ቢይዙ ባሕሩ አይራቆትም የሚለውን የሚያሰላ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ። ስሌቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የኔ ነበር፦ ዓሣው ምን ያህል ይራባል፣ በስንት ዓመቱ ያድጋል፣ ስንቱ ሳይያዝ በራሱ ይሞታል። ሁለተኛው የእሱ ነበር፦ ነዳጅ፣ በረዶ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የገበያ ዋጋ፤ ጀልባ ባሕር ወጥቶ መመለሱ እስከ መቼ ያዋጣል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ኮታው ይወጣል፤ ወደቦቹ በዚያ ያድራሉ።

ጋሼ ነበር የምለው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሥራውን ያስገኘልኝ እሱ ነው፤ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ባለው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችንም ሽማግሌ ነው። ውለታውን አልክድም። ልክደው ብፈልግ እንኳ ፋታ አልሰጠኝም። አዲስ ፈረንጅ ቢሮ በመጣ ቁጥር “እሷን ያመጣኋት እኔ ነኝ” ይል ነበር፣ ዕቃ እንደገዛ ሰው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት የጀልባ ካፒቴን ከወደቡ አራት ሰዓት ነድቶ መጣና በካርቶን የታጨቁ የጉዞ ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“ለመሆኑ ይህን የምትቆጥሪውን ዓሣ አይተሽው ታውቂያለሽ?”

“ሳህን ላይ” አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና “እናንተ የምትቆጥሩት የያዝነውን ነው። የት ሄደን እንደያዝነው ማንም አይጠይቀንም” አለኝ።

ደብተሮቹን ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ድሮ ጀልባዎቹ ባሕሩን ሁሉ ያዳርሱ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ሁሉም በቀጥታ ወደ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ነበር የሚሄዱት። ዓሣው ሲመናመን የተረፈው እዚያ ተሰብስቧል። ስለዚህ አንድ ጀልባ በቀን የሚይዘው አልቀነሰም። የኛ የስሌት ሞዴል ደግሞ የባሕሩን ዓሣ ብዛት የሚገምተው በዚያው የቀን መጠን ነው። የኔ ክፍል ዓሣው ሞልቷል ይላል፤ የእሱ ክፍል ሥራው ያዋጣል፣ ተጨማሪ ጀልባ ይግባ ይላል። ሁለቱም የቆሙት ባንድ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው።

ጋሼ ከሥራ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሄድ እኔን ቤቴ፣ ሀያትስቪል፣ ያወርደኝ ነበር። መኪና ውስጥ ነገርኩት።

“ጋሼ፣ ቁጥሩ አታሎናል። የቀረው ዓሣ ያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።”

“የአንድ አጥማጅ ደብተር እኮ ዳታ አይባልም።”

“እንደገና እንሥራው። ሁለት ወር ይበቃናል።”

“ሁለት ወር ዘግይተን ኮንትራክቱን ልናጣ? ተይው፣ ስብሰባው ላይ እኔ አነሳዋለሁ።” መስታወቱን አይቶ ረድፉን ቀየረ። “አንቺ ብቻ ፈረንጅ ፊት እንዳትቃረኚኝ።”

ይህን መናገሩም አያስፈልገውም ነበር። ታላቅን በባዕድ ፊት ማረም ነውር እንደሆነ ተነግሮኝ ነው ያደግኩት፤ ያውም የጉባኤ ሽማግሌ። በስብሰባው ቀን ሥራውን ካዘዙን ፈረንጆች አንዷ “ዓሣው አያሰጋም?” ብላ ጠየቀች። ጋሼ “አያሰጋም” አለ። ቀጥሎ እጁን ወደኔ ዘረጋ፤ “የባዮሎጂው ባለሙያ እህቴ ናት። እሷም ትስማማለች።”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሪፖርቱ ሲወጣ ስሜ ከላይ ነበር። “ምነው ጋሼ?” ስለው “ይገባሻል፤ ለሴት ቅድሚያ ነው” ብሎ ሳቀ። እኔም አመሰገንኩት።

በሦስተኛው ዓመት ጀልባዎቹ ወደዚያ ጉድጓድ ሄደው ባዶ ተመለሱ። ማጥመድ ተከለከለ፤ ወደቡ ተዘጋ። ካፒቴኑ ጀልባውን ሸጦ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። አልተሳደበም። “ደብተሮቼን ላኪልኝ” ብቻ አለ። እሺ አልኩት፤ አልላክሁም። ስህተቱን ቀድሜ እንዳየሁ የሚመሰክርልኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ያንንም ማንም ሊያይልኝ አልፈለገም። አለቆቹ ሲጠይቁ ጋሼ ሪፖርቱን ዘረጋና ጣቱን ከላይ ባለው ስም ላይ አሳረፈ። “የባዮሎጂው ክፍል የእሷ ነው” አለ። ውሸት አይደለም። እኔን ሌሎች የሠሩትን ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ ወደማስገባት አወረዱኝ፤ በዓመቱ ለቀቅኩ። እሱ እስከ ጡረታው ሠራ። እሑድ እሑድ ደግሞ ስለ ፍጥረት አያያዝ ያስተምረን ነበር። ከኋላ ተቀምጬ እሰማው ነበር።

ዘንድሮ ከጉባኤው አንዲት ልጅ ኮል አደረገችልኝ። “እትዬ፣ ለጋሼ የምስጋና ፕሮግራም እያዘጋጀን ነው። አምስት ደቂቃ ስፒች ያደርጉልናል? ብዙ እንዳይረዝም ብቻ፣ ኬክ አለ።”

እሺ አልኳት። ያየሁትን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፍኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የጋሼ ሴት ልጅ ባል ብቻ ነው ፈረንጅ፤ እሱም አማርኛ አይሰማም። ድሮ አፌን የዘጋው ምክንያት ያን ቀን አልነበረም። ማይኩን ያዝኩ።

“ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ያን ሪፖርት ስሜን አስቀድመው ያወጡ ዕለት፣ ዓሣው እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር?”

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሼ አልሳቀም። ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

“አውቅ ነበር” አለ። “አንቺም ታውቂ ነበር።”

ከኋላ አንዱ “አይ ጋሼ!” አለ፤ ሳቁ ባሰ። ኬኩ ጋ የቆመችው ልጅ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሁለቱን ገጾች ሳላነባቸው አጠፍኳቸው። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት መከላከያ እሱ ስለ ማወቁ ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ራሴን ስለ መነቅነቄ ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ሰኞ የደብተሮቹን ካርቶን ፖስታ ቤት ወስጄ ወደ ካፒቴኑ አድራሻ ላክሁት። በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ተቀባዩ እዚያ እንደሌለ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበታል። አሁን ቤቴ መተላለፊያው ላይ ነው። ስገባም ስወጣም በጎኑ ነው የማልፈው።