ቡሬ ላይ የተረጎምኩት

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ አውቶቡሳችን ለምሳ ደምበጫ ቆመ። የገባንበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር። ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ ወታደሮች ተሰልፈው አውሮፕላን ላይ ይወጣሉ። አስተናጋጇ ሽሮዬን አስቀመጠችና ቀና ብላ፣ «ደግሞ የት ሊሄዱ ነው?» አለች።

«ሰው አገር፤ ሰላም ሊያስከብሩ» አላት አንድ ተሳፋሪ።

እኔ የእያንዳንዳቸውን ፊት እያየሁ ነበር። የማውቀው ሰው እንደማይኖር አላጣሁትም፤ እነዚህ ልጆች ያን ጊዜ አልተወለዱም። ቢሆንም አየሁ። ሽሮው ቀዘቀዘብኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቡሬ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እናቴ የአዊ ሰው ስለሆነች አገውኛን ከአማርኛ እኩል ነው የማውቀው። በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ከተማው ሁሉ በሚያስነጥስበት ወር፣ ወደ ነቀምት ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ድንኳኖች ተተከሉ። ባሕር ማዶ የሚላክ ጦር ሊሠለጥን ነው ተባለ። አንድ ቀን አሠልጣኙ መቶ አለቃ ትምህርት ቤታችን መጡ።

«ወታደሮቼ ቋንቋው ወደማይገባቸው አገር ነው የሚሄዱት» አሉኝ። «እዚያ ሄደው ከሚደነግጡ እዚሁ ሆነው ቢለምዱት ይሻላል። ከአዊ ገጠር ሰዎች እናመጣለን፤ ከቀያቸው የተፈናቀሉ መስለው በአገውኛ ብቻ ያናግሯቸዋል። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። አስር ቀን ነው።»

እሺ አልኩ። ለነገሩ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ በዚያ ዕድሜ ከጥቁር ሰሌዳ የሚያርቅ ነገር ሁሉ ደስ ይላል።

ከሠልጣኞቹ አንዱ አስር አለቃ ደሳለኝ ነበር። የጢስ ዓባይ ልጅ ነው። ድምፁ ትልቅ በመሆኑ ጓደኞቹ ሲስቁበት፣ «ፏፏቴ ሥር ያደገ ሰው ካልጮኸ ማን ይሰማዋል?» ይላቸዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ቅቅል ድንች በአዋዜ ስንበላ አጠገቤ ይመጣና የአገውኛ ቃል እንዳስተምረው ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ላይ «አንቱ መምህርት» ነበር የሚለኝ። በአራተኛው ቀን «አንቺ» አለኝ፤ ብሎም ደነገጠ። እኔ ያልሰማሁ መሰልኩ። ግን ሰምቻለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼም ደጋግሜ ሰማሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺ ትንሽ ቃል እንዲህ ያለ ሙቀት እንዳላት አላውቅም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ፈተና ሆነ። መንገዱ ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ኬላ መሆኑ ነው። ደሳለኝ ኬላውን ይጠብቃል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቦታህን አትልቀቅ፣ መሣሪያህን ለማንም አትስጥ፣ በትሕትና ተናገር፣ አስተርጓሚ አስጠራ። ወደ ገመዱ የሚመጡት እማማ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። እንዲሉ የተነገራቸው «ውሃ ጠማኝ፤ አሳልፉኝ» ብቻ ነው። እኔ ከመቶ አለቃው ጋር ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ።

እማማ ብርቄ መጡ። የደሳለኝን የደንብ ልብስ እጅጌ ያዙ። ከዚያ ውሃውን ትተው ሌላ ነገር ጀመሩ።

«ልጄን እንዲህ ያለ ልብስ አልብሳችሁ ወሰዳችሁት» አሉ በአገውኛ። «ሞተም አላላችሁኝ፤ አለም አላላችሁኝ። አልቅሼ እንዳልቀብረው ይመጣ ይሆናል፤ በሩን እንዳልዘጋው አይመጣም ይሆናል። አንተ ታውቀው ይሆን?»

አብረዋቸው የመጡት የገጠር ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ደሳለኝ አንድም ቃል አልገባውም። ፊታቸውን ግን ያያል። መሣሪያውን ለጓደኛው አቀበለና ገመዱን ተሻግሮ፣ ደግፎ አስቀምጧቸው አብሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ካስተማርኩት መሐል አንዲት ቃል ያዘ፤ «እናቴ» አላቸው በአገውኛ። እሳቸው ሲነግሩት እሱ «እናቴ» ሲል፣ እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቃቸው።

ፊሽካ ተነፋ።

«ኬላ ጥለሃል! መሣሪያ ሰጥተሃል!» አሉ መቶ አለቃው እየሮጡ። «እዚያ አገር ቢሆን አንተም ጓዶችህም አልቃችኋል! ስምህ ከተጓዦች ይሰረዛል።»

ደሳለኝ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቶ አለቃው ወደኔ ዞሩ።

«ምን ነበር የሚሉት? ውሃ አይደለም?»

እውነቱን ልናገር። «አዎ፣ ውሃ ነው» ብል ደሳለኝ ይቀር ነበር። ባሕር ማዶ አይሄድም። ከአገር ሳይወጣ ይኖርልኝ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ታሰበኝ፤ አፌም ሊከፈት ነበር። እማማ ብርቄ ቀና ብለው አዩኝ። የተናገሩት ሌላ ሰው ጆሮ መድረስ አለመድረሱ በኔ አፍ ላይ ነበር።

ቃል በቃል ተረጎምኩት።

መቶ አለቃው ቆባቸውን አውልቀው ወደ እማማ ብርቄ ሄዱና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። የልጃቸውን ስም በኔ በኩል ጠየቁ፤ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፤ አጠያይቃለሁ አሉ። ያጠያይቁ አያጠያይቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞረው፣ «ልብህ ትክክል ነው፤ እጅህ ተሳስቷል። ነገ ትደግመዋለህ» አሉት።

በማግሥቱ ደገመው። መሣሪያው ከትከሻው ሳይወርድ፣ እግሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመሪያ እኔን አስጠራ። አንድም እንከን አልወጣለትም። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

በሚሄዱበት ጠዋት እማማ ብርቄ የተቆላ ሽምብራ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። መዳፋቸውን በደሳለኝ ራስ ላይ አሳርፈው በአገውኛ መረቁት። ልተረጉምለት ስል፣ «ተይው፣ ይሄስ ገብቶኛል» አለኝ። ከዚያ አየኝ። እኔም አየሁት። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።

ከባሕር ማዶ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። «እዚህ አንዲት ሴት እያለቀሰች አናገረችኝ» ይላል። «ምን እንዳለች ልጠይቅሽ ዞር አልኩ፤ አልነበርሽም።» መልስ ጻፍኩ። በዓመቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ሌላ ደብዳቤ ጽፎ ቡሬ ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጓደኛው መናኸሪያ አግኝቶኝ፣ ደሳለኝ በሰላም ተመልሶ ጢስ ዓባይ ትዳር እንደመሠረተ፣ ልጆችም እንዳሉት ነገረኝ። እኔም ያኔ አግብቼ ነበር፤ ደግ ሰው ነው ያገባሁት፣ አላማርርም።

ጢስ ዓባይ ከኛ ዘንድ የሩቅ አገር አይደለም። ፏፏቴውን ለማየት ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜም ቀርቻለሁ።

የደምበጫው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ ሳልበላ ተነሣሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የታጨደውን የጤፍ ማሳ እያየሁ፣ ያቺ ቀን ብትመለስልኝ ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። ያንኑ እተረጉም ነበር፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ብቻ አፌን ከመክፈቴ በፊት ትንሽ ዘግየት እል ነበር።