ጉድጓዱ ውስጥ የተተከለው ሙዝ

ንጋቲጆ ሙዙን የተከለው የሚስቱ የሱሚኔም የአርባ ቀን ጸሎት ባለቀ ማግስት ነው። ሱሚኔም ከሞተር ብስክሌት ወድቃ የሞተችው ከድልድዩ ወዲህ ባለው ጉድጓድ ነበር፤ ሲዘንብ ውሃ ይሞላና ደህና መንገድ ይመስላል። ሴት ልጁ ዋርቲኒ አሁንም ጎህ ሳይቀድ በዚያው ሞተር፣ በዚያው መንገድ ወደ ልብስ ፋብሪካ ትሄዳለች። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሚሸጠውን የአኩሪ አተር ምግብ፣ ቴምፔ፣ የሚጠቀልልበት ቅጠል ከሚቆርጥበት ጓሮ አንድ የሙዝ ችግኝ ነቀለ፤ ወስዶ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመው። ምን ማለቱ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። መንገድ ሲበላሽ ሌላውም ሰፈር አላፊውን ለማስጠንቀቅ፣ ሹሙንም ለማሳፈር እንዲሁ ያደርጋል።

«ሲያፈራ ለእኛም ላክልን» አለው ጎረቤቱ ካስቦ። ንጋቲጆ አልሳቀም፤ ቅርም አላለውም።

በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጸሐፊ ሃርጃንቶ መጣ። አልተቆጣም። ሻይ ጠጣ፣ ስለ ሱሚኔም አዘነ፣ ከዚያ ቅዳሜ የወረዳው አስተዳዳሪ ለመንደሩ ስብሰባ እንደሚመጡና ሙዙን ቢያዩ የመንደሩ ሹም እንደሚያፍሩ፣ እንደ አባት አክብሮ «ፓክ» እያለ ነገረው።

«ይንቀሉትና ስብሰባው ላይ በአፍዎ ይንገሩን፣ ፓክ ንጋቲጆ። ማይኩን እኔ ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

ንጋቲጆ ነቀለው።

ቅዳሜ የክት ባቲክ ሸሚዙን ለብሶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ማይኩ ሲደርሰው ተነሥቶ አስቀድሞ ንግግር ባለማወቁ ይቅርታ ጠየቀ። ሹሙ ቀብር ስለ መጡ፣ ድንኳንና ወንበር ስላዋሱ አመሰገነ፤ በጃቫ ደንብ ምስጋና ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ስለ ሙዙም ይቅርታ ጠየቀ። ሹሙ በደግ ዐይን ያዩት ነበር። የሱሚኔምን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው።

«መንገዱን በተመለከተ…» አለ ንጋቲጆ፤ ማይኩ እጁ ላይ ከበደው። «ትንሽ ቢታሰብበት። ካልተቻለም ምንም አይደለም። እናመሰግናለን።»

ተጨበጨበለት። በመጨረሻ ሃርጃንቶ ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ የእሱ ተራ በአንድ መስመር አለቀ፤ ፓክ ንጋቲጆ በቤተሰባቸው ስም ምስጋና አቅርበዋል። ለሁሉም በካርቶን የታሸገ ሩዝ ታደለ።

በር ላይ ካስቦ ጠበቀው። «አንተ ሰውዬ፣ ሙዙ ይሻልህ ነበር። እሱ ቢያንስ አያመሰግንም።»

ዝናቡ ሰኞ ገባ። ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ንጋቲጆ ሙዙን መልሶ ሊተክል ጓሮ ወጣ፤ የጣለው ቦታ ላይ ደርቆ ነበር። ሌላ ለመንቀል ጊዜ አልነበረም፤ ዋርቲኒ ሞተሯን እያስነሣች ነው። በአቋራጭ ቀድሟት ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ቆመ። ውሃው እስከ ቅልጥሙ ደረሰ።

የሞተሯ መብራት ሲያርፍበት ዋርቲኒ ፍሬን ያዘች።

«ባፓክ፣ አባዬ፣ ይውጡ እንጂ። ሰው ምን ይላል?»

«በግራ በኩል እለፊ» አላት።

አለፈች። ከኋላዋ የፋብሪካው ሴቶች ሞተሮች አንድ በአንድ እየመጡ እሱን እያዩ ዞሩ። አንዷ «እናመሰግናለን፣ ፓክ» ብላው ሄደች። ንጋቲጆ ራሱን ነቀነቀላት። ውሃው ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ አላወቀም።