ያልመጣው ምስክር

አንኮበር ዘርአ ዳዊትን የሚያውቀው ዝም ማለት ባለመቻሉ ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ መምሬ ገብረ ጻድቅ ዳዊት ሲያስደግሙት፣ «ንጉሥ ሰው አስገድሎ ሚስቱን ሲወስድ ዳኛው የት ነበር?» ብሎ ጠይቆ አለንጋ ቀምሷል። አለንጋው ጀርባውን አቃጠለው እንጂ ጥያቄውን አላስረሳውም። ካደገ በኋላ ደብረ ብርሃን ተሻግሮ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሲጨርስም እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝኛውን ግማሹን ከክፍል፣ ግማሹን ከራዲዮ ነው የለቃቀመው።

በአምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካኖች ወደ አገራችን መጡ። ለደብረ ብርሃን ከደረሱት አንዱ ሚስተር ዴል ነበር፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ሳቅ የማይቸግረው፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ የሚዞር ወጣት። በሥራ ቀን ልጆቹን ያስተምራል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለፈለገ ትልቅ ሰው ሁሉ ስለ አሜሪካ መንግሥት ትምህርት ከፈተ። የግዛቱ ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ ሁለት ፖሊሶችም ሳይቀሩ ይመጣሉ። አስተርጓሚው ዘርአ ዳዊት ነው።

«ሕግ የሚያወጣው አንድ ነው፤ የሚያስፈጽመው ሌላ ነው፤ የሚፈርደውም ሌላ» ይላል ሚስተር ዴል፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት እየሣለ።

ዘርአ ዳዊት ተረጎመ፤ ከራሱም ጨመረበት። «በእኛ አገር ሦስቱንም ቤት አንድ ባላባት በአንድ ካባ ጠቅልሎ ይለብሳቸዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሶቹ አልሳቁም።

ከትምህርቱ ሁሉ ዘርአ ዳዊትን የያዘው የተከሳሽ መብት ነው። አንድ ሰው ሲከሰስ የመሰከረበትን ሰው ፊት ለፊት የማየት መብት አለው። ለእሱ የሚመሰክርለት ሰው ካለ ደግሞ፣ ምስክሩ ባይፈልግም እንኳ መንግሥት አስጠርቶ ያቀርብለታል። በአርባ ስምንት የወጣው የእኛው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ቃል በቃል ይላል። ዘርአ ዳዊት ይህን ሲያገኘው አንቀጹን በቃሉ ያዘው፤ ልክ ዳዊቱን በልጅነቱ እንደያዘ። የአገሩ ሰው ሕግ እንዳለው ሳያውቅ መኖሩ አናደደው። መናደዱ ትክክል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከመጽሔት ላይ አንድ ሥዕል ይዞ መጣ፤ ፖሊስ በጥቁር ልጆች ላይ ውሻ ሲለቅ የሚያሳይ። «ሚስተር ዴል፣ ይህስ የየትኛው ቤት ሥራ ነው?»

አሜሪካዊው ቀላ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ተናገረ። «በእኔ ከተማ፣ ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ጥቁር ሰው ተደበደበ። አባቴ አይቷል። ፍርድ ቤት ሲጠየቅ ግን ምንም አላየሁም አለ። አፍሬበታለሁ። እዚህ ድረስ ያመጣኝም ያ ነው። ያየ ሰው ካልተናገረ ሕግ ወረቀት ነው።»

ዘርአ ዳዊት ይህን ከራሱ ምንም ሳይጨምር ተረጎመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን እንደ ወንድም ወደደው።

የአምሳ ስድስት ጥምቀት መጣ። ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው አልዩ አምባ የሚነግደው ዓወል፣ የዘርአ ዳዊት የልጅነት ጓደኛ፣ ለሚስተር ዴል ፍራሽ የሚሆን ጥጥ በበቅሎ ጭኖ በከተራው ደብረ ብርሃን ገባ። በቅሎዋ አነከሰችና እዚያው በአሜሪካዊው ግቢ አደረ። በማግሥቱ ወጥ ቤቷም ዘበኛውም ታቦት ተከትለው ሲወጡ፣ ግቢው ውስጥ ከአሜሪካዊውና ከዓወል በቀር ሰው አልቀረም። ሁለቱም በምልክት ሲያወሩ ዋሉ። በቅሎዋ የሚስተር ዴልን የሣር ባርኔጣ ከአጥር ላይ አወረደችና ክንፉን በላችው። አሜሪካዊው ለቀጣዩ ቅዳሜ ትምህርት ያንኑ የተበላ ባርኔጣ አድርጎ መጣ፤ ታሪኩንም በቅሎዋን ሆኖ እያኘከ አወራው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

በዚያው በጥምቀት ቀን ግን አንኮበር ላይ የባላባቱ የግራዝማች ብርሃነ መስቀል የገብስ ክምር ተቃጥሎ ነበር።

በዚያ አገር ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። የተመረጡት ሽማግሌዎች ምለው፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እየጠሩ ይጠይቃሉ። አየሁ የሚል በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል። ያ ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹም ተነሥተው «ወፍ እንዲህ ብላናለች» ይላሉ። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሰው በሹክሹክታ ይታሰራል ማለት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዘርአ ዳዊት በአባቱ ደብር የሚቆጠር ስለሆነ ለአውጫጭኙ ተጠራ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቱ መምሬ ገብረ ጻድቅ ነበሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሡ።

«ወፍ ዓወል ነው ብላናለች» አሉ።

ሜዳው አጉረመረመ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ግራዝማች የዓወልን በቅሎ ሳያስፈቅዱ ጭነት አሸክመውበት ዓወል ወረዳ ድረስ ሄዶ ከስሷቸዋል። ደግሞስ በጥምቀት ክርስቲያኑ ሁሉ ታቦት ሲከተል እሳት ለመለኮስ ጊዜ የነበረው ማን ነው?

ዓወል ተነሣ። «ወላሂ፣ በዚያ ቀን ደብረ ብርሃን ነበርኩ!»

«ማን አየህ?» አሉ ግራዝማች።

«በከተራው መንገድ ላይ ያላየኝ የለም።»

«ስለ ከተራው ማን ጠየቀህ? ክምሬ የተቃጠለው በጥምቀት ነው።»

መምሬ ገብረ ጻድቅ እጃቸውን አነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሥርዓቱ ይታወቃል። ሼኩ ይጠሩና በቁርኣን ይማል። ከማለ ነጻ ነው፤ የቀረውን ለፈጣሪ እንተዋለን።»

«እምላለሁ!» አለ ዓወል። «አሁኑኑ ይጠሩልኝ!»

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ዘርአ ዳዊት ግን ብድግ አለ።

«አይምልም!»

«አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ» አሉ አባቱ።

«አልቀመጥም፣ አባባ። ሰው ሳይመሰከርበት ለምን ይምላል? ከሳሹን የማየት መብት አለው። ወፏ ትውጣና ፊቷን እንያት! ይህ የአሜሪካ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ!»

ግራዝማች ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ወረቀቱ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ልጄ። ክምሬ የተቃጠለው እዚህ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ዘርአ ዳዊት በሳቁ ባሰበት። «እንግዲያው ምስክር አለው! አሜሪካዊው አስተማሪ ቀኑን ሙሉ አብሮት ውሏል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰምቷል።»

«የሰማ ምን ያደርግልናል? ያየውን አምጣ።»

«አመጣዋለሁ!»

ከዚያ ወደ ዓወል ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። ብትምል ዕድሜ ልክህን ‹ምሎ ያመለጠው እስላም› ይሉሃል። በሕግ ብትነጻ ግን ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ ማንም በወፍ አይታሰርም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ሮጦ ነው የሚመጣው።»

ዓወል ወደ አልዩ አምባ መንገድ አየ። «ዘርአ፣ እኔ የምፈልገው ቤቴ መግባት ነው።»

«በእኔ ይሁን!»

ዓወልም አመነው። «እሺ። አልምልም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ አልተቆጡም። ምስክሩ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ይምጣ፣ እስከዚያ ዓወል በግራዝማች ግቢ ይቆይ ብለው ፈረዱ። ያ ኋላ ቀር የሚባለው ሜዳ ሕጉ የሚለውን የምስክር ቀጠሮ ሰጠ። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ሲደርስ አቧራውን እንኳ አላራገፈም። ሚስተር ዴል ታሪኩን ሰምቶ ከወንበሩ ዘለለ።

«እመጣለሁ እንጂ! ባርኔጣውንም እለብሳለሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። ዘርአ ዳዊት እነዚያን ቀናት የተማሪ ደብተር እያረመ እንኳ ያፏጭ ነበር። በአስተርእዮ ዋዜማ በቅሎ ተከራይቶ በሩን ሲያንኳኳ ግን አሜሪካዊው ጫማ አላደረገም፤ ዓይኑንም ከመሬት አላነሣም።

«ዘርአ፣ መሄድ አልችልም። ለአለቆቼ ነገርኳቸው። በአገሩ ሰዎች ክርክር ውስጥ እንዳትገባ አሉኝ። እንግዶች ነን። ብገባ ሊመልሱኝ ይችላሉ።»

ዘርአ ዳዊት መጀመሪያ እንግሊዝኛው የጠፋው መስሎት አስደገመው። ቃሉ ያው ነው።

«ክርክር ውስጥ ግባ አላልኩህም። ያየኸውን ተናገር ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«የተከሳሽ ምስክር ባይፈልግም ይጠራል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ! በአፌ ተርጉሜዋለሁ!»

«እሱ በአሜሪካ ነው፣ ዘርአ።»

«የአባትህ ሱቅስ የት ነበር?»

ሚስተር ዴል ጓዳ ገብቶ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ታቅፎ ወጣ። «ለዓወል ልጆች» አለ።

ዘርአ ዳዊት ጣሳዎቹን አልነካም። ባርኔጣው ከበሩ ጀርባ በሚስማር ተሰቅሏል፤ የተበላው ክንፉ ወደ እሱ ዞሯል። መንትፎ ሊሮጥ አሰበ። ግን ባርኔጣ አይመሰክርም።

በቀጠሮው ቀን ብቻውን ሜዳው ላይ ቆመ።

«ምስክርህስ?» አሉ ግራዝማች። «ቅዝቃዜው ፈጀው?»

«አልመጣም።»

«ወይስ ፈረንጁም ወፍ ሆኖ በረረ?»

ሰዉ ተንከተከተ። ዘርአ ዳዊት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ። «እንግዲያው ይማል። አባባ፣ ሼኩን ያስጠሩለት። ዛሬ ይማል።»

መምሬ ገብረ ጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ልጃቸውን የጎዳው። «መሐላ ሲሰጡት እምቢ ያለ ሰው፣ ምስክሩ ሲቀርበት ልማል ቢል ማን ይቀበለዋል? ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። መሐላውን ያስተውከው አንተ ነህ።»

ዓወልን እጁን አስረው ወደ ደብረ ብርሃን ሲነዱት በዘርአ ዳዊት አጠገብ አለፈ። ቆመ።

«ልማል ስል ምላሴን የያዝከው አንተ ነህ» አለው። አልጮኸም። «ክምሩን ያቃጠለውን አላህ ያውቀዋል። እኔን ያሳሰረኝን ግን እኔ አውቀዋለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ እንደወትሮው ሞላ። ሚስተር ዴል ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ ፍርድ ቤቶች ነጻነት ጀመረ። ዘርአ ዳዊት አልተረጎመም። ባርኔጣውን አንሥቶ ለክፍሉ አሳየ።

«ይህን ማን በላው?»

«የዓወል በቅሎ!» አሉ እየሳቁ።

«መቼ?»

«በጥምቀት!»

«የዓወል በቅሎ ነች ያለውስ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አሜሪካዊው አዩ።

«ዓወል በዚያ ቀን አንኮበር ክምር አቃጥሏል ተብሎ እስር ቤት ነው ያለው። እስር ቤቱ ከዚህ ይታያል። አሁን ሁላችሁም አወቃችሁ፤ እናንተም» አለ ወደ ፖሊሶቹ ዞሮ። ከፖሊሶቹ አንዱ ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

«ምን አልካቸው?» አለ ሚስተር ዴል በእንግሊዝኛ።

«ያስተማርከኝን።»

ሰኞ ዕለት ዲሬክተሩ ዘርአ ዳዊትን ጠርተው እንግዳ ማዋረድ አያስፈልግም አሉት። ከማስተማር ታገደ። ሚስተር ዴል ጊዜውን ጨርሶ ሲሄድ የትምህርት ቤቱ ሰው በአበባ ሸኘው። ስለ አገራችን መልካም ነገር እያወራ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ዘርአ ዳዊት በየሳምንቱ ስንቅ ይዞ እስር ቤት ይመላለስ ነበር። ዓወል ስንቁን ይቀበላል፤ ሰላምታውን አይቀበልም። አንድ ቀን የዓወል ሚስት ሰሊሃ በር ላይ አገኘችው። «ምግብ እንኳ አለን፣ ዘርአ ዳዊት» አለችው። «ምክር ብቻ እንዳታመጣብን።»

ዓወል ሲፈታ ሁለት ክረምት አልፏል። ዘርአ ዳዊት አንኮበር ተመልሶ የአባቱን ማሳ ማረስ ጀመረ። ሰው ከወረዳ ጋር ጉዳይ ሲኖረው አቤቱታ ይጽፍለታል፤ ከዚያ «ማልልኝ ካሉህ ማል» ይለዋል። በገበያ ቀን ዓወል ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭኖ በማሳው ጥግ ያልፋል። ዘርአ ዳዊት ገና ከሩቅ ሲያየው ዕርፉን ይለቅና ቆቡን ያወልቃል።

«እንደምን አደርክ፣ ዓወል?»

ዓወል ያችኑ ባርኔጣ የበላችውን በቅሎ ጭኗን ቸብ ያደርጋታል።

«ሂጂ» ይላታል። «መንገድ አለብን።»