አርባ አንደኛው ሟች

እኛ ቢሮ ልደት የምጽፈው እኔ፣ ሞት የሚጽፉት ደግሞ እትዬ ስንብት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ሲሰሙም ስቀው አለፉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሟቾችን ስም በየሳምንቱ ለምርጫ ቢሮ ይልካሉ፤ ቢሮው ያንን እያየ ከመራጮች መዝገብ ይሰርዛል። እንደሳቸው ጠንቃቃ ሰው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያበሽቁኛል፤ የአንዲት ፊደል ዝንፈት ካዩ ባለጉዳዩን ከበር ይመልሱታል።

ምርጫው ባለፈ በሳምንቱ ታናሽ ወንድማቸው መጣ። ተወዳድሮ በሠላሳ ስምንት ድምፅ ተሸንፏል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። መራጮች የፈረሙበትን መዝገብ ቅጂ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋው።

«እታለም፣ አርባ አንድ ሙታን መርጠዋል። አረጋግጫለሁ ብለሽ ፈርሚልኝ። አቤቱታው ዛሬ ካልገባ አለቀልኝ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቁጭ በል» አሉት እትዬ።

እሳቸው እሱ ያሰመረባቸውን ስሞች ያነባሉ፣ እኔ በሞት መዝገቡ እፈልጋለሁ። አንዳንዱ በእርግጥ ሞቷል፤ ፊርማም አለው። አንዳንዱ ሞክሼ ሊሆን ይችላል፤ የአያት ስም የለውም። እትዬ በእያንዳንዱ አጠገብ ነጥብ ብቻ እያኖሩ አለፉ።

አርባ አንደኛው ላይ ንባባቸው ተቋረጠ። ቀና ብዬ አየሁ። የባላቸው ስም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቀብረናቸዋል፤ አፈር ካለበሷቸው አንዱ እኔ ነኝ። ከስማቸው ፊት ለፊት ፊርማቸው ተቀምጧል፤ ጅራቱን ወደ ላይ የሚጠቀልሉት ያው ፊርማ። 

«የራስሽን ባል እንኳ አላስቀሩልሽም» አለ ወንድምየው።

የሞት መዝገቡን ገለጥኩ። ወሩን አገኘሁ፣ ሳምንቱን አገኘሁ፤ ባላቸው የሉም። ደግሜ አየሁ። የቀበርናቸው ሰው መዝገባችን ላይ አልሞቱም። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ባለጉዳይ ይንጫጫል፤ እኔ ግን ዞር ብዬ በሩን ማየት ፈራሁ።

እትዬ መሳቢያቸውን ሳቡ። ከሥር አንድ የሞት ቅጽ አወጡ፤ የባላቸው ስም ተሞልቷል፣ ቀኑ ባዶ ነው። «መጨረስ አቃተኝ» አሉ። ከዚያ በመራጮቹ መዝገብ ላይ ከባላቸው ስም በታች ያለውን መስመር በጣታቸው ነኩ። የራሳቸው ስም ነው፤ ፊርማ የለውም። የምርጫው ቀለም ግን ገና ከጥፍራቸው አልለቀቀም።

ብዕር አነሱና ቁራጭ ወረቀት ላይ ሳያዩ ጫር አደረጉ። የሟቹ ፊርማ ወጣ።

«በታመመ ጊዜ ሁለት ዓመት ለሐኪም ቤቱ የፈረምኩለት እኔ ነኝ። በምርጫው ቀን ስሙን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። አስመራጩ ይፈርሙ አለኝ፤ በሱ መስመር ላይ የሱን ፊርማ ፈረምኩ።»

ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ያውቃል? አርባው ይበቃኛል። ዝም በይ።»

«አርባውም እንደኔ ነው አላልኩም። ተጭበርብሯልም አላልኩም። የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱም እኔው ነኝ። የቀረውን አላውቅም፣ ይጣራ ብዬ እፈርምልሃለሁ።»

«ሥራሽንም ታጫለሽ፣ እኔንም።»

«አውቃለሁ» አሉ። የሞቱን ቅጽ ወደ እሱ ገፉት። «እዚህ ላይ ሲሞት ያየ ምስክር ይፈርማል። አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ።»

ወንድምየው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። በኋላ ብዕሩን ከእጃቸው ወሰደ። «አይቻለሁ» አለና ቀኑን ራሱ ሞልቶ ፈረመ። እትዬ ያኔ ነው ያለቀሱት።