እርሳስ ያልነካች ልጅ

አኮ ወሰንየለሽ አምቦ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ሚዛናቸው አይዋሽም፣ ምላሳቸው ግን ይናደፋል። ሰፈሩ ሁሉ "አኮ" ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። እውነተኛ የልጅ ልጃቸው ግን ሃዋኒ ብቻ ነበረች፣ እናቷ በወሊድ የሞተችባት የሦስት ዓመት ሕፃን።

ሃዋኒ አፏን ፈትታ ነበር። ከዚያ ቃላቷን አንድ በአንድ እየጣለች ሄደች፤ በመጨረሻ "አኮ" ማለት እንኳ ጠፋባት። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ግቢያቸው ስገባ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ፣ በኩል የጠቆሩ ዓይኖቿን ሳታርገበግብ ታየኛለች። እፈራት ነበር። ልጅ ይፈራል? ይፈራል። በእሷ ዓይን ሌላ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

"ዓይን ነው የበላት" ይላሉ አኮ።

በ2011 ዓ.ም. ጤና ጣቢያው ሕፃናትን ሲመረምር ይዘናት ሄድን። ነርሷ ሲስተር ጣቢታ ጣቷን ስትወጋት አላለቀሰችም፤ የሌላ ሰው ደም ይመስል ዝም ብላ አየችው። ከክንዷም ቀድተው አዲስ አበባ ላኩ፤ ውጤቱ መጣ።

"አኮ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ በዝቷል" አለች ጣቢታ። "እርሳስ ያለበትን ነገር ሁሉ ያርቁባት። እጇን ቶሎ ቶሎ ያጥቧት፣ ጎመንና ምስር ያብሏት። እንደገና እናያታለን።"

አኮ የሰሙት የሚጻፍበትን እርሳስ ነው፤ እኔም ከእሳቸው አልተሻልኩም። አልጋ ሥር ሳይቀር ፈትሸን የተገኘውን ሁሉ ሁሉቃ ወንዝ ጣልን። ተከራዮቻቸውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አኮ በር ላይ ኪሳቸውን እየዳበሱ ያስገቡ ጀመር።

በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ጨመረ። አንድም እርሳስ በሌለበት ቤት፣ እርሳሱ ልጅቷ ደም ውስጥ ይበዛ ነበር። ያኔ እኔም ዓይን ነው ማለት ጀመርኩ።

"ከዚህ ካለፈ አንጎሏን የባሰ ይጎዳዋል፣ ሆስፒታል መተኛት ይኖርባታል" አለች ጣቢታ። "ቤታችሁን ልየው።"

እንደገባች አኮ የኩል ብልቃጣቸውን አወጡ። እንግዳ ዓይን ሳያርፍባት ልጅቷን መኳል ልማዳቸው ነው፤ ለምርመራው ቀን ደግሞ ወፈር አድርገው ነበር የኳሏት። ሃዋኒ ዓይኗን አሸችና ጥቁር ጣቷን ጠባች።

ጣቢታ ቆማ ቀረች።

"አኮ፣ ይህ ኩል ከምንድን ነው?"

"ከድንጋይ ነዋ! ራሴ ወቅጬ። ሰፈሩም ከእኔው ነው የሚወስደው።"

"እርሳስ ያልኩት የሚጻፍበትን አይደለም፤ ማዕድኑን ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል።"

አኮ ብልቃጡን አስቀመጡ። እጃቸውን ገለበጥ አድርገው አዩት። "በገዛ እጄ?" አሉ።

ድንጋዩ ተመረመረ፤ እርሳስ ነበር። አኮ ግን ውጤቱን አልጠበቁም። ያንኑ ዕለት ነጠላቸውን በውሃ አርሰው በየቤቱ ዞሩ፤ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ከኋላ። በየደጃፉ የተኳሉ ሕፃናት ጥቁር ዓይኖች ዝም ብለው ይቀበሉናል። አኮ ኩሉን ሲጠርጉላቸው አንዱም አልተወራጨ።

የሃዋኒ ቁጥር የወረደው ቀስ እያለ ነው። ቃላቷም ሁሉም አልተመለሱም። ግን በቀጣዩ ዓመት ጣቢታ ጣቷን ስትወጋት ሃዋኒ በጩኸት ጤና ጣቢያውን አናወጠችው፤

"አኮ!"

ሌላ አያት ቢሆን ያባብል ነበር። አኮ እንባቸው እየወረደ ይለምኗታል፤

"ኢዪ ኢንተላ ኮ! ጩኺ ልጄ፣ ጩኺ!"